ስምንተኛው አልጋ

በኅዳር ወር ሚዛን ከተማ ላይ ዝናብ ይቆማል የሚል ሰው ቡና አድርቆ አያውቅም። ጠዋት ሰማዩ እንደታጠበ ሳህን ይጠራል፤ ሸራውን ገልጬ ቡናውን ለፀሐይ እሰጣለሁ። ከቀትር በኋላ በማጂ በኩል ደመና ይነሳል። እሸፍናለሁ። ደመናው ሐሳቡን ቀይሮ ሌላ ቦታ ሄዶ ያወርደዋል። እገልጣለሁ። ወገቤን ሳላቀና ይመለሳል። እሸፍናለሁ። ማታ ፍራሼ ላይ ስወድቅ እጆቼ ብቻቸውን ሲሸፍኑና ሲገልጡ ይሰማኛል።

ቡናው የሚሰጣባቸውን ቆጦች አልጋ ነው የምንላቸው። አራት ቋሚ፣ በላዩ ቀርከሃ፣ ከቀርከሃው በላይ የሽቦ ወንፊት። ቀይ እሸቱ እዚያ ላይ በስሱ ተበትኖ እስኪጠቁርና እስኪንኳኳ ድረስ ይገላበጣል። በስሱ መሆን አለበት። ከወፈረ ከውስጥ ይሞቃል፣ ከሞቀ ይሻግታል፣ ከሻገተ ደግሞ የዓመት ልፋት አፈር ይበላል።

አልጋዎቹ ስምንት ናቸው፤ የቲቸር ዓለምሰገድ ናቸው። ሂሳብ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ወላጆቻቸው ከጎጃም መጥተው ነው እዚህ የቀሩት፤ እሳቸው ግን ከዚህ ሌላ አገር አያውቁም። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለውን ይህን የቡና መሬት ከሟች ሚስታቸው ጋር በእጃቸው ነው የተከሉት። ዛሬም ሁሉም ሰው ቲቸር ነው የሚላቸው፤ ባጃጅ ነጂውም፣ ሸክላ ሻጯም፣ ፖሊሱም። ግማሹን ሚዛን በተኩልና በሩብ ያስለቀሱ ሰው ናቸው ይባላል።

እኔን ያስተማሩኝ ስድስተኛ ክፍል ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር፣ መንገድ ላይ አገኙኝና "ማራናታ፣ እንዲያው ቁጭ ብለህ ሰማይ ከምታይ እኔ ቤት ሆነህ እየው፤ ቡናም ትጠብቅልኛለህ" አሉኝ። ሰው የሚበዛበት ሥራ አልወድም። ቡና አያወራም። ሄድኩ።

ሁለት ዓመት ገደማ እንዲህ ኖርን። በዚህ ዓመት ግን ቲቸር ላይ የሆነ ነገር መጣ። አንድ ቀን ከአማን ገበያ ሲመለሱ መንገዱ ጠፍቷቸው ባጃጅ ነጂ አመጣቸው። ሌላ ቀን ሽሮውን እሳት ላይ ጥደው ረስተውት ድስቱ ከሰለ። ወሬው ጅማ ቢሮ የምትሠራ ልጃቸው ሚርያም ጆሮ ደረሰ፤ ማን እንደነገራት አላውቅም። ደወለች። ቲቸር ስልክ የሚያወሩት ድምፁን ለቀው ነውና አልጋ እያገላበጥኩ ሁሉንም ሰማሁት።

"አባዬ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ። መጥቼ በዓይኔ ነው የማየው። ቤትህንም ቡናህንም እንደ ድሮው ይዘህ ካገኘሁህ አፌን ዘግቼ እመለሳለሁ። ካልሆነ ግን ይዤህ ነው የምሄደው።"

"ፈተና ነው በይኛ።"

"ፈተና በለው።"

"ጅማ ሄጄ ምን ልሠራ?"

"ትቀመጣለህ።"

"መቀመጥ እዚህም አለ" አሉና ስልኩን ዘጉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው "ሰማህ? ፈታኝ ልትመጣብን ነው" አሉ። ለመቀለድ ነበር፤ ግን ስልኩን ለመክተት የኪሳቸው አፍ ጠፍቷቸው ሁለት ሦስት ጊዜ ሞከሩ።

ያን ሰሞን አሮጌዎቹ ሸራዎች እንደ ወንፊት ማፍሰስ ጀምረው ነበር። ሚርያም ሳትመጣ ሁሉንም በአዲስ እንቀይር አሉ። ሐሙስ ጠዋት ሜትር ይዘው አንዱን አልጋ ለኩ። "አልጋው ሦስት ሜትር ነው። በግራ ሩብ ሜትር ይንጠልጠል፣ በቀኝም ሩብ። ስለዚህ ለአንድ አልጋ ሦስት ሜትር ተኩል።" ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ። "ስምንት አልጋ... ሃያ አራት ተኩል። ያዝከው?"

"ይዣለሁ" አልኩ። የያዝኩትስ ቁጥሩን ብቻ ነው። በዚያች ሰዓት ከዋንዛው ዛፍ ወደ ግራሩ አንዲት ጉሬዛ ስትዘል ነጭ ጅራቷ አየር ላይ ተዘርግቶ ቀረብኝ፤ እሱን እያየሁ ነበር። ደግሞስ ቲቸር የተናገሩትን ሂሳብ ማን ይፈትሻል?

አማን ገበያ ወርጄ ኸይሩ ሱቅ ሄድኩ። ኸይሩ ሸራ፣ ገመድና ላስቲክ የሚሸጥ፣ ከጅማ መጥቶ እዚህ የተማረ ሰው ነው፤ ምላሱ እንደ መቀሱ ነው።

"ዛሬስ ከየትኛው ሰማይ ወረድክ?" አለኝ።

"ሃያ አራት ሜትር ተኩል ሸራ።"

"ሃያ አምስት በለውና ልቁረጥልህ። ተኩል ምን ይረባል?"

"ቲቸር ተኩል ነው ያሉት።"

"ቲቸር ካሉማ አልከራከርም። በዚች ተኩል ስንቴ ተንበርክኬአለሁ መሰለህ!" ጥቅሉን እየተረተረ ጮክ ብሎ ለካ፤ አንድ፣ ሁለት እያለ፣ እኔም አብሬው እየቆጠርኩ። ሲጨርስ የካርቶን ግንዱ ብቻ ቀረ። "ይኸው አለቀ። ሌላው ሰኞ ነው ከጅማ የሚገባው፤ ዕድለኛ ነህ።"

ዓርብ ከቀትር በኋላ ቲቸር በረንዳው ላይ ካለው ወንበር ላይ እንቅልፍ ወስዷቸው ሳለ ሸራውን ሣሩ ላይ ዘረጋሁት። ቀርከሃ ላይ ሦስት ሜትር ተኩል ምልክት አድርጌ እየለካሁ ቆረጥኩ፤ እየቆረጥኩም አለበስኩ። ሰባተኛውን አልጋ አልብሼ ስመለስ ሣሩ ላይ ምንም አልነበረም። የቀረ ቁራጭ የለም፤ ጣት የምታህል እንኳ። ስምንተኛው አልጋ ራቁቱን ቆሟል።

መጀመሪያ ኸይሩን ረገምኩት። ወዲያው ግን አብሬው መቁጠሬ ትዝ አለኝ። ከዚያ በቀርከሃው ጫፍ መሬት ላይ ጻፍኩ። ስምንት ጊዜ ሦስት፣ ሃያ አራት። ስምንት ጊዜ ግማሽ፣ አራት። ሃያ ስምንት። ቲቸር ያሉት ሃያ አራት ተኩል ነው። ሦስቶቹን ስምንት ጊዜ አባዝተው ግማሿን ሳያባዙ እንዲሁ ጫፉ ላይ ለጥፈዋታል።

 ይቺን ስህተት አውቃታለሁ። ስድስተኛ ክፍል ሁላችንም ሠርተናታል፤ ይቺን ስህተት ከጭንቅላታችን ያወጡልን ደግሞ እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን ዘለላ ሙዝ ይዘው ክፍል ገቡና ስምንት ልጆች አስወጡ። "ለእያንዳንዱ ሦስት ሙዝ ተኩል። ስንት ይሆናል?" አሉ። "ሃያ አራት ተኩል!" ብለን ጮኽን። "እሺ" አሉና ለሁሉም ሦስት ሦስት አደሉ። ከዚያ አንድ ሙዝ ገምሰው ግማሹን ለመጀመሪያው ልጅ ብቻ ሰጡት። ሰባቱ ልጆች "ቲቸር የእኛስ?" ብለው ተንጫጩ። ቲቸር ጠመኔያቸውን አስቀምጠው "እኔ ምን ላድርግ? ሃያ አራት ተኩል ያላችሁት እናንተ ናችሁ" አሉን። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያች ቀን በኋላ ግማሽ የሁሉም ድርሻ መሆኗን አልረሳሁም። እሳቸው ረሱ።

በረንዳው ላይ አየኋቸው፤ አፋቸው ትንሽ ተከፍቶ፣ ባርኔጣቸው ጉልበታቸው ላይ። ሚርያም ነገ ትመጣለች። የእሳቸው ተማሪ ነበረች እሷም። አንዱን አልጋ ራቁቱን ወይ በአሮጌ ሸራ ተሸፍኖ ካየች ትጠይቃለች፤ ስንት ሜትር ገዛችሁ ትላለች፤ ሃያ አራት ተኩል የምትለውን ቁጥር እንደሰማች ሁሉም ነገር ይገባታል። ድስትማ ማንም ያከስላል። ይሄ ግን ሌላ ነው።

ከዚያ አንድ ነገር አሰብኩ። ሰባት ጊዜ ሦስት፣ ሃያ አንድ። ሰባት ጊዜ ግማሽ፣ ሦስት ተኩል። ሃያ አራት ተኩል። ለስምንት አልጋ ስህተት የሆነው መልስ ለሰባት አልጋ ልክ ነው፤ ሳይተርፍ፣ ሳይጎድል። አልጋው ስምንት ባይሆንስ? ስምንተኛው የተጨመረው ሚርያም ጅማ ከገባች በኋላ ነው፤ መኖሩን አታውቅም።

የስምንተኛውን ቡና በቁና እያፈስኩ ለሰባቱ አካፈልኩት። ወንፊቱን ጠቅልዬ ከጎተራው ኋላ ወሸቅኩ። ቋሚዎቹን ነቀልኩ፤ አንደኛው ሥር የሰደደ ይመስል እንቢ አለኝ፣ አቅፌው ወዲያ ወዲህ ስታገል ትከሻዬ ተላጠ። ጉድጓዶቹን በአፈር ደፍኜ የሙዝ ቅጠል በተንኩባቸው። ሰባቱ አልጋዎች ላይ ቡናው ወፍሮ ነበር። ለሁለት ቀን ነው አልኩ፤ ሰኞ ሸራው ሲመጣ እመልሰዋለሁ። በየሰዓቱ አገላብጠዋለሁ። ድካም እንደሆነ ለምጄዋለሁ።

ቲቸር ሲነቁ ከዘራቸውን ይዘው ወረዱ። አልጋዎቹ ፊት ቆሙ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። ረጅም ጊዜ ቆሙ። አንድ ነገር ይሉኛል ብዬ ብጠብቅ "ደከመኝ" ብቻ ብለው እራት ሳይበሉ ገቡ። ደክሟቸው ነው አልኩ፤ እኔም ደክሞኝ ነበር።

ቅዳሜ ሚርያም ደረሰች። ቀጭን ናት፣ አካሄዷ የአባቷ ነው። ሻንጣዋን በረንዳው ላይ አኑራ ሳትቀመጥ መዞር ጀመረች። ጓዳ ገባች፣ የመድኃኒቶቹን ብልቃጥ አየች፣ የምድጃውን ዙሪያ አየች። ጠዋት ሁሉንም አጽድቼ ነበር። ከዚያ ወደ አልጋዎቹ መጣች።

"አንተ ነህ ማራናታ? አባዬ በስልክ ያመሰግንሃል።"

"እግዚአብሔር ይመስገን።"

"እውነት ንገረኝ፤ እንዴት ነው?"

"ደህና ናቸው" አልኩ፣ እያገላበጥኩ። ቀና ብዬ አላየኋትም።

ሰማዩ እሷን የጠበቀ ይመስል ያን ጊዜ ጠቆረ። ነፋስ መጣ፣ ቅጠሉ ጀርባውን አዞረ። "ሸፍኑ!" አሉ ቲቸር ከበረንዳው። ሚርያም ጫማዋን አውልቃ ወርውራ ሮጠች፤ ልጅነቷን እዚህ ነው ያሳለፈችውና ማንም አላሳያትም፣ ጫፉን ይዛ ሳብ፣ ድንጋይ ጫን፣ ወደሚቀጥለው። ቲቸርም ወርደው በከዘራቸው ጠርዙን እያስተካከሉ ተከተሉን። ሰባተኛውን ስናለብስ ትልልቅ ጠብታዎች መውረድ ጀመሩ። ሸራው በግራ ሩብ ሜትር፣ በቀኝ ሩብ ሜትር ተንጠልጥሏል። እንደ ልብስ ልክ።

ሦስታችንም በረንዳው ላይ ቆመን ጠጉራችንን አራገፍን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ሚርያም ፊቷ ፈካ ብሎ ነበር።

"አባዬ፣ አዲስ ሸራ ገዝተሃል። ስንት ሜትር ፈጀ?"

ወደ ቲቸር ዞርኩ።

"ሃያ አራት ተኩል" አሉ ቲቸር።

ጣቷን እየዘረጋች ስትቆጥር አየሁ፤ አልጋዎቹን፣ ከዚያ ቁጥሩን። "ለአንዱ ሦስት ተኩል፤ ሰባት ጊዜ... ልክ ነው! ቁራጭ እንኳ አላተረፍክም።" ሳቀች። በጣም የደከመ ሰው ሸክም ሲያወርድ እንደሚስቀው ነበር ሳቋ። "እኔ ደግሞ በሰው ወሬ... መንገዱን ሁሉ ሳለቅስ ነው የመጣሁት። እሺ። ተሸነፍኩ። ተቀመጥ እዚሁ። ለገና ብቻ ና፣ ሌላ አልጠይቅህም።"

አበቃ አልኩ በልቤ። 

"ሚርያም" አሉ ቲቸር። "ስምንት ነበሩ።"

"ምኑ?"

"አልጋው። ስምንት ነው። ሃያ ስምንት ሜትር ነበር የሚያስፈልገው። እኔ ግማሿን ለአንዱ ሰጥቼ ሰባቱን ነሳኋቸው።" ወደ እኔ ሳይዞሩ በከዘራቸው ጠቆሙኝ። "ይሄ ልጅ ደግሞ መልሴን ሊያስተካክልልኝ ብሎ ጥያቄውን ለወጠው። አንዱን አልጋ አፈረሰ።"

ሚርያም እኔን አየችኝ። የቡና ጭማቂ ያጠቆራቸውን ጣቶቼን ከኋላዬ ደበቅኩ።

"ቲቸር፣ እኔ እኮ..."

"አውቃለሁ። ለእኔ ብለህ ነው። ግን ስማኝ።" ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። "ትናንት ከእንቅልፌ ነቅቼ ቆጠርኩ፤ ሰባት። ደግሜ ቆጠርኩ፤ ሰባት። ስምንት መሆኑን አውቃለሁ፤ ከእናቷ ጋር ነው የሠራነው። ግን ዓይኔ ሰባት ይለኛል። አሁንስ ጨርሶ ሄደ አልኩ፣ ጭንቅላቴን። መኝታዬ ላይ ሆኜ ስምንት ነበር ወይስ ሰባት እያልኩ ነጋ። ጎህ ሲቀድ ወርጄ በከዘራዬ መሬቱን ስጎረጉር ቅጠል ስር ጉድጓዱን አገኘሁት። ለስላሳ አፈር። አራት ጉድጓድ።"  "እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ። ስምንት ነበሩ።"

  እኔ ጉሬዛ እያየሁ ሐሙስ ዕለት ያላባዛኋት ግማሽ፣ ዓርብ ደግሞ በደግነቴ የነቀልኩት ቋሚ፤ የትኛው ይበልጥ እንደጎዳቸው አላወቅኩም።

ሚርያም የነጠላዋን ጫፍ ጨብጣ "ለምን ነገርከኝ አባዬ?" አለች። "ዝም ብትል እኮ ትቀመጥ ነበር። አሁን ተቀመጥ ብዬህ ነበር።"

"የስምንት አልጋ ቡና ሰባት ላይ ተኝቷል። ዝናቡ እንዲህ ከቀጠለ እስከ ሰኞ ይሻግታል። ሻጋታ ለመልቀም ነው እዚህ የምቀመጠው?" ወንበራቸው ላይ በቀስታ ተቀመጡ። "ደግሞ ስሌቱ ያልታየ መልስ ዜሮ ነው። አንቺንም ዜሮ ሰጥቼሻለሁ።"

"አስታውሳለሁ። እማዬ ሳምንት አኮረፈችህ።"

"ልክ ነበረች።"

ሁለቱም ትንሽ ሳቁ። ከዚያ ሚርያም መሬት ላይ ተቀምጣ ጭንቅላቷን ጉልበታቸው ላይ አደረገች፤ እሳቸውም ባርኔጣቸውን አንስተው ቦታ ለቀቁላት። "የመጀመሪያው ዙር ቡና ይድረቅና እመጣለሁ" አሉ። "እሱን ጨርሼ። አታጣድፊኝ።"

"አላጣድፍህም።"

ዝናቡ ሲያባራ ስምንተኛውን አልጋ መልሰን ተከልነው። ሚርያም እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና ቋሚ ያዘች፣ እኔ አፈር ጠቀጠቅኩ፣ ቲቸር ቆመው "ወደ ግራ... አሁን በዛ... እዚያ ላይ" ይሉ ነበር። ሰባቱ ላይ የወፈረውን ቡና ቀንሰን በተንነው። እጄን ከሥሩ ሳስገባ ሞቋል። ገና አልሸተተም። ለሌሊቱ አሮጌውን ሸራ ደርበን አለበስነው።

ሰኞ ኸይሩ ዘንድ ሄድኩ።

"ምን ጎደለ?"

"ሦስት ሜትር ተኩል።"

"ሃያ አምስት አድርገው ብዬህ አልነበር!"

"ሃያ አምስትም አይበቃም ነበር" አልኩት። መቀሱን እንደያዘ ቀና ብሎ አየኝና እንደልማዱ ሊቀልድ የከፈተውን አፉን ዘጋው። ለካልኝ።

የመጀመሪያው ዙር ደርቆ ጆንያ ሲገባ ቲቸር ሄዱ። ሚኒባሱ ውስጥ በመስኮቱ በኩል ተቀምጠው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል። ብዙ አልተነጋገርንም። "ቡናው በስሱ" አሉኝ። "በስሱ ቲቸር" አልኳቸው።

ሁለተኛው ዙር ለእኔ ቀረ። ጠዋት እገልጣለሁ፣ ከቀትር በኋላ እሸፍናለሁ። ከቀትር በኋላ ደግሞ ከቲቸር ስልክ ይመጣል። ዛሬም ደወሉ፤ ነፋሱ ቅጠሉን እያዞረ፣ ስልኩን በጆሮዬና በትከሻዬ መሃል ቆንጥጬ ሸራ እየጎተትኩ ነበር።

"እዚህ ደመና ነው" አሉ። "እዚያስ?"

"እዚህም መጥቷል ቲቸር።"

"ሸፈንክ?"

"እየሸፈንኩ ነው። ሰባቱን ጨርሻለሁ። አንድ ቀረኝ።"

"ጎበዝ። ስምንተኛዋን እንዳትረሳ።"

"አልረሳም።"

በስልኩ ውስጥ የመኪና ጥሩምባና የልጅ ጩኸት ይሰማ ነበር። የመጀመሪያዋ ጠብታ እጄ ላይ አረፈች።

"ማራናታ" አሉ። "እዚህ ደመና ነው። ሸፈንክ?"

"እየሸፈንኩ ነው ቲቸር" አልኩ። "ሰባቱን ጨርሻለሁ። አንድ ቀረኝ።"